አሥራ አምስትና አርባ

በታኅሣሥ ንጋት፣ ጠባሴ ሰፈር፣
ውርጩ ጨው መስሎ በሣሩ ሲያድር፣
የአባቴ ሃይሉክስ፣ በዕድሜ ታላቄ፣
ትነሣ ይሆን ወይ? ይኸው ነው ጭንቄ።
ቁልፉን አዞራለሁ፤ ታቃስትና ዝም፤
ደግሜ አዞራለሁ፤ ታቃስትና ዝም፤
በሦስተኛው ድንገት ነጭ ጭሷን ለቃ
ሰፈሩን ታነቃለች በሳል ተናንቃ።

ቀይዋ መብራት ግን፣ የዘይቷ ምልክት፣
ቶሎ አትጠፋም፤ እቆጥራለሁ፦ አንድ፣ ሁለት፣
ሦስት፣ አራት...
እስከ ዘጠኝ ድረስ፣ ብረት ከብረት ጋር ደረቁን ሲፋጭ
ጥርሴ ላይ ይሰማኛል፣
እህል እንዳለቀበት ወፍጮ።

አባቴ ቁልፉን ሲሰጠኝ ያለኝ፦ "አርባ ነው ዘይቷ፤
ሌላ አታቅምሻት፣ ትታመማለች፣ ስስ ነው አንጀቷ።"
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሽንኩርት ጭኖባታል፣
እሱ ግን ቆላ ነው ኖሮ ያረጀባት፤
የሱ ማደሪያ ሸዋ ሮቢት ነበር፣ ከሞቀ ሞተር ጋራ፤
እኔ ግን የማድረው ከዚህ ከውርጩ፣ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጎራ።

ከሱቁ መደርደሪያ የወርቅ ቀለም ጣሳ አወረደ ልጁ፤
"ዜሮ ሠላሳ ነው፣ አሁን ነው የገባ፣ ውድ ነው" አለኝ፣ እያሻሸው በእጁ።
ውድነቱን ሰማሁ። ስለ ሞተሬ ግን አልጠየቀኝም ምንም፣
ስንት ዓመት እንደሠራች፣ ትጠጣ እንደሆነ፣ ታንጠባጥብ እንደሆነም።

ወንድይፍራውን ሁሌ የማውቀው በጫማው ነው፤
ከመኪና ሥር ሆኖ ነው ሰው የሚያናግረው፦
"ዜሮ ሠላሳ ለአዲስ ነው፣ ክፍተቱ ለጠበበ፤
ያንቺ ፋሻ ተበልቷል፤ ቀጭኑ ያመልጥሻል እየተንጠባጠበ።
አርባውም ለብቻው፣ ይቅርታ ለአባትሽ፣ ቆላ ነው አገሩ፤
በዚህ ብርድ ማር ሆኖ፣ ላይኛው ቤት ሳይደርስ ይቀራል ከሥሩ።
ጽሑፉን አንብቢ፤ ሁለት ቁጥር አለው፣ መሃሉ ላይ ፊደል፤
ፊተኛው ሲበርዳት፣ ኋለኛው ስትግል።
አሥራ አምስት ማለት ደብረ ብርሃን ናት፣ ከነጋቢዋ፤
አርባው ሸዋ ሮቢት፣ ከነትንኟ፣ ከነፀሐይዋ።"

"ሌላም አለ" አለና ቁልፍ ጠየቀኝ፣ አሥራ ሰባት።
አቀበልኩት።
"በ'ኤስ' የሚጀምረው የቤንዚን ነው፤ 'ሲ' ነው ለናፍጣ የተጻፈላት።
ክዳኑን ፈትሺ፤ የተጣለ ዘይት አጥርተው ይሸጡልሻል።
በሳምንቱ ደግሞ ጠቆረ ብለሽ እንዳትሰድቢው፤
የናፍጣ ዘይት ሥራው መጥቆር ነው፣
ጥቀርሻዋን ሁሉ ተሸክሞላት ነው።
ጠርቶ ከከረመ
እሱ ነው የለገመ።"

ዝም አልኩ።
የአባቴ ጥፍር ትዝ አለኝ፣ በሳሙና፣ በአሸዋ የማይለቀው ጥቁሩ፤
በሠርጌ ቀን እንኳ ከኪሱ ሳያወጣው የዋለው እጁ።

"ሃያ ሃምሳስ?" አልኩት። ከሥር ሳቀ።
"እሱ የሽምግልናዋ ነው። ከለውጥ እስከ ለውጥ ሁለት ሊትር ስትጠጣብሽ፣
ያኔ ነይ።"

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። ሬዲዮኑን ቀነሰ።
"አሥራ አምስት አርባ?" አለ። "አርባ አለበት?"
"አለበት።"
"እንግዲያማ አርባ ነው" ብሎ ድምፁን መለሰ።

ቅዳሜ ለወጥነው። አሮጌው ሬት መስሎ፣ ክር እየሠራ ወረደ፤
ፊልትሮውም አብሮ፣ ያበጠ፣ የከበደ።

ሰኞ ውርጩ ያው ነው፤ ጭሷም ያው፣ ሳሏም ያው፤
መብራቷን ቆጠርኩ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦ...
ጠፋች።

ጣርማበርን በጭጋግ፣ ደብረ ሲናን በቁልቁለት፣
ሸዋ ሮቢት ገብቼ፣ ላብ ጀርባዬን ሲያርሰው፣
ሊቬሎውን መዝዤ በጨርቅ ጠርጌ አየሁት፤
ከሁለቱ ጭረት መሃል።

ማታ ከሥሯ ባነጠፍኩት ካርቶን ላይ ግን
ያቺው ጠብታ፣ የሃምሳ ሳንቲም ስፋት፤
ወንድይፍራው ስለሷ ምንም አላለኝም።
ካርቶኑን ገልብጬ ወደ ቦታው መለስኩት።